ከማጅራት እስከ ውስጥ እግር፦ ሜላኖማ የበቀለበት ቦታ ለምን ልዩነት ያመጣል?

ሁለት የፓቶሎጂ ውጤቶች (ከሰውነት ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየ ሥጋ ውጤት) ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ላይ ሜላኖማ ተብሎ ተጽፏል። የሁለቱም ጥልቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሁለቱም የላይኛው ቆዳ አልቆሰለም። አንደኛው የተቆረጠው ከባት ነው፤ ሌላኛው ከራስ ቆዳ፣ ከፀጉር ሥር። በደረጃ አሰጣጥ መመሪያው ሁለቱም «ቲ2ኤ» ይባላሉ፤ ሠንጠረዡ አይለያያቸውም። የሁለቱ ሰዎች ዕድል ግን እኩል አይደለም፤ የባቱ በአማካይ የተሻለ ነው።

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት፣ ሜላኖሳይት ከሚባሉት ህዋሳት የሚነሳ ነቀርሳ ነው። እነዚህ ህዋሳት በመላው ቆዳችን፣ በጥፍር ሥር፣ በዓይን ውስጥ፣ በአፍና በአፍንጫ ስስ ሽፋን ሳይቀር አሉ። ስለዚህ በየትኛውም ሊነሳ ይችላል። መቼ እንደሚታይ፣ በየት በኩል እንደሚሠራጭ፣ ሐኪሙ ምን ያህል ዙሪያውን አስፍቶ ሊቆርጥ እንደሚችል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ግን እንደየቦታው ይለያያል። በእንግሊዝኛ የሚነበበው ምክር አብዛኛው ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጀርባና ስለ ነጭ ቆዳ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ዋናዎቹ ቦታዎች ሌሎች ናቸው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር። ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋውም እዚያ ነው።

ሚሊሜትሯ ትቅደም

ከቦታ በፊት ስለ ጥልቀት መናገር ግድ ነው። አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት አሌክሳንደር ብሬስሎ በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ያሳየው ነገር እስከ ዛሬ አልተሻረም፦ የሜላኖማን የወደፊት ጉዞ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ወደ ቆዳው ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ ነው። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ስምንተኛው የደረጃ መመሪያ እስከ 1 ሚሊሜትር ያለው ቲ1፣ ከ1 በላይ እስከ 2 ቲ2፣ ከ2 በላይ እስከ 4 ቲ3፣ ከ4 በላይ ቲ4 ነው። በቲ1 ውስጥ ደግሞ 0.8 ሚሊሜትር ሌላ ድንበር ነው። ቁስለት ከተጨመረ ከስሙ በኋላ ያለው ፊደል ከ«ኤ» ወደ «ቢ» ይዞራል። ወደ ሊምፍ ዕጢ (ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው) ካልደረሰ፣ በቲ1ኤ ከ100 ሰው 98ቱ በ10 ዓመት ውስጥ በሜላኖማ አይሞቱም፤ በቲ4ቢ ይህ ቁጥር ወደ 75 ይወርዳል። አኃዞቹ የተሰበሰቡት በአብዛኛው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ነጭ ሕመምተኞች መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እግር ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የተረከዝ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ከላይ የደደረ የሞተ ሽፋን አለው። ታዲያ የተረከዝ ሜላኖማ ሁሉ «ጥልቅ» ሊባል ነው? አይደለም። ልኬቱ የሚጀምረው ከደደረው ሽፋን ሳይሆን ከሱ በታች ካለው፣ ጥራጥሬ መሰል ህዋሳት ካሉበት ንብርብር ነው፤ የሚያበቃው እጅግ ጠልቆ የተገኘው የነቀርሳ ህዋስ ላይ ነው። የላይኛው ቆዳ ቆስሎ ከጠፋ ከቁስሉ ወለል ይጀመራል። የእግር ሜላኖማ በውጤት ወረቀት ላይ ጥልቅ ሆኖ የሚመጣው በእውነት ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ ጥልቅ የሆነው ደግሞ ዘግይቶ ስለተገኘ ነው።

ቦታ አንድ ነገር የሚያበላሸው በመጀመሪያ በዚህ በኩል ነው፦ የማናየው ቦታ ዘግይቶ ይታያል፣ ዘግይቶ የታየ ጥልቅ ነው። ጥልቀቱን እኩል አድርገው ያወዳደሩ ጥናቶች ግን ከዚያም በኋላ የሚተርፍ ልዩነት እንዳለ አሳይተዋል።

ራስ ቆዳና አንገት

በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ሲር ከሚባለው የአገሪቱ የካንሰር መዝገብ ከ51,000 በላይ ሜላኖማዎችን መረመረ። በራስ ቆዳና በአንገት ላይ የወጣባቸው ሰዎች ከጠቅላላው 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሜላኖማ ከሞቱት ውስጥ ግን 10 በመቶ ሆነው ተገኙ። የ5 ዓመት ዕድላቸው፣ ማለትም 5 ዓመት በሜላኖማ ሳይሞቱ የመቆየት ዕድላቸው፣ 83 በመቶ፣ የሌሎቹ 92 በመቶ ነበር። ዕድሜን፣ ጥልቀትንና ቁስለትን አስተካክሎ ሲሰላ እንኳ ክንድና እግር ላይ ከወጣባቸው ሰዎች 1.84 እጥፍ በሆነ ፍጥነት ይሞቱ ነበር።

ለምን? የመጀመሪያው መልስ ፀጉር ነው፤ ማንም የራሱን አናት አያይም። ሁለተኛው የራስ ቆዳ በደም ሥርና በሊምፍ መንገድ የተጨናነቀ መሆኑ ነው። ሦስተኛው የዓይነቱ ጉዳይ ነው። ራስና አንገት ላይ ዴስሞፕላስቲክ የሚባል ዓይነት ይበዛል፤ ጥቁር ያልሆነ፣ ጠንከር ያለ፣ ጠባሳ የሚመስል፣ በነርቭ ላይ የሚሄድ። ጠባሳ የሚመስልን ነገር ማን ይጠረጥራል?

የፊቱ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ለንቲጎ ማሊኛ የሚባለው የሽማግሌ ፊት ሜላኖማ፣ ለዓመታት በፀሐይ በተጎዳ ቀላ ባለ ቆዳ ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ ቀስ ብሎ ይስፋፋል። ለረጅም ጊዜ ላይ ላዩን ስለሚቆይ ከተደረሰበት መልካም ነው። ችግሩ ጠርዙ ነው፦ በዓይን ከሚታየው አልፎ ስለሚሄድ የተለመደው የግማሽ ሴንቲሜትር ዙሪያ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዓይን ወይም አፍንጫ አጠገብ ደግሞ አስፍቶ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ እየቆረጡ፣ ጠርዙን በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ እንደገና መቁረጥ ይመረጣል። ይህ ዓይነት በጥቁር ቆዳ ላይ ብርቅ ነው። ማድያት ያለባት ሴት ይህን አንብባ መደንገጥ የለባትም፤ ማድያት ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ሜላኖማም አይለወጥም።

ጠቃሚ ሰው ማን ነው ቢባል ሹሩባ የምትሠራ ሴትና ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ከሐኪም ይልቅ የሰው ማጅራትና የጆሮ ጀርባ የሚያዩት እነሱ ናቸውና።

ጀርባ፣ ክንድና ባት

በነጮች ዘንድ የወንዶች ዋና ቦታ ጀርባ ነው፤ የሴቶች ደግሞ ከጉልበት በታች ያለው እግር። ሴቶች በሜላኖማ የተሻለ ዕድል ካላቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ባቱን ሰው በየቀኑ ያየዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የላይኛው ጀርባ፣ የክንድ ጀርባ፣ የአንገት ጀርባና የራስ ቆዳ ጀርባ ባንድ ላይ «ባንስ» ተብለው መጥፎ ቦታ ተደርገው ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች በዚህ አልተስማሙም፤ አሁን በሥራ ላይ የለም። ደረቱና ጀርባው ግን ከክንድና ከባት የከፋ መሆኑ በብዙ ጥናት ተደጋግሟል፤ አንዱ ሰበብ የሊምፍ መንገዱ ነው፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር ይነገራል፦ «ሜላኖማ የጥቁር ሰው በሽታ አይደለም»። ከነጮች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር የሚወጣው አክራል ሜላኖማ የሚባለው ዓይነት በነጭም በጥቁርም ተቀራራቢ ነው፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ሁለት ገደማ። ልዩነቱ በነጮች ዘንድ በብዙ ሌላ ሜላኖማ መካከል ተውጦ መቅረቱ፣ በጥቁሮች ዘንድ ግን ዋናው እሱ መሆኑ ነው። በሰው ቁጥር ብርቅ ነው፤ የጥቁር ሰው ሜላኖማ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚታየው እግር ነው።

ፀሐይ አያመጣውም። ውስጥ እግር ፀሐይ አያይም። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሜላኖማን ለመከላከል ብሎ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ገንዘብ ቢያጠፋ ዋናውን ቦታ አይነካም። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች ግን የተለዩ ናቸው፤ ለነሱ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና ቅባት ሕይወት ነው። እነሱን ይበልጥ የሚያጠቃውም ስኳመስ የሚባለው ሌላ የቆዳ ነቀርሳ እንጂ ሜላኖማ አይደለም።

ጫናስ? በ2016 የወጣ የጃፓን ጥናት ሜላኖማ በውስጥ እግር ላይ የሰውነት ክብደት በሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በተረከዝና በጣቶች ሥር ባለው ደንዳና ክፍል እንደሚበዛ አሳይቷል። ቅስት ሆኖ መሬት የማይነካው መሃል ላይ ጥቂት ነው። ከዚህ ተነስቶ «በባዶ እግር መሄድ ሜላኖማ ያመጣል» ማለት ግን መዝለል ነው።

ውጤቱ ከሌላው ቆዳ የከፋ ነው። ከ1986 እስከ 2005 የነበረውን የአሜሪካ መዝገብ ያየ ጥናት፣ የአክራል ሜላኖማ የ5 ዓመት ዕድል 80 በመቶ፣ የ10 ዓመት 67.5 በመቶ መሆኑን አገኘ፤ የቆዳ ሜላኖማ ሁሉ በአንድ ላይ ሲታይ 91 እና 87.5 ነበር። የ10 ዓመቱን ልብ በሉ። አምስት ዓመት አልፎም እየተመለሰ የሚመጣ ነው፤ ክትትል በአምስተኛው ዓመት የሚያቆም ሰው ይሸወዳል።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ቦብ ማርሌ ነው። በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ላይ የነበረው ቁስል የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ተወስዶ ነበር፤ ሲመረመር በጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ ተመከረ፤ አልተቀበለም። ጥፍሩና ሥሩ ተነስቶ ቆዳ ተለጠፈበት። በሴፕቴምበር 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ነቀርሳው አንጎሉ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በሜይ 11 ቀን 1981 ማያሚ ውስጥ ሲያርፍ 36 ዓመቱ ነበር። ኳሱ ነቀርሳውን አላመጣውም፤ ኳሱ ያመጣው ማብራሪያ ነው። ሰው ለቁስል ምክንያት ካገኘ መመርመር ያቆማል፤ የእግር ሜላኖማ ደግሞ ምክንያት አያጣም። እንቅፋት አለ፣ እሾህ አለ፣ ጠባብ ጫማ አለ፣ ስኳር አለ።

በአገራችን ገጠር ይህ ይብሳል። እግር የዝሆኔ፣ የሥጋ ደዌ ቁስል፣ የእሾህ ውጋት፣ የፈንገስና የኪንታሮት ቦታ ነው። በነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥቁር ቁስል ምንም አይለይም። ከዚያም ይተኮሳል፣ ቅጠል ይታሰርበታል፣ ይፋቃል። መተኮስ ሁለት ጉዳት አለው፦ የላዩን ጠባሳ አድርጎ ሥሩን ይተወዋል፤ በኋላ ለፓቶሎጂስቱ ጥልቀቱን የሚለካበት የላይኛ ቆዳ ያጠፋበታል። ደግሞም አክራል ሜላኖማ ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም። አንዳንዱ ቀለም የለውም፤ ቀይ ሥጋ የበቀለበት፣ ሲነካ የሚደማ ቁስል ይመስላል። ይህኛው ነው ይበልጥ የሚዘገየው።

የእግር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ አለ። እግር ላይ ያለ ነገር ከሚከተሉት ሁለቱን ካሟላ ለምርመራ ይላክ ይላል፦ ከአካባቢው ቆዳ የተለየ ቀለም ያለው፤ ምንነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀ፤ የሚደማ ወይም የሚያዥ፤ ከሕክምና በኋላም ቢሆን እየሰፋ የሚሄድ፤ ከሁለት ወር በላይ ያልዳነ። ለእኛ ሁኔታ የመጨረሻው ብቻውን ቢሆን እንኳ ትኩረት ይገባዋል። ሁለት ወር ሙሉ እየታጠበ፣ እየታሸገ፣ አንቲባዮቲክ ተወስዶለት ያልዳነ የእግር ቁስል ሦስተኛ አንቲባዮቲክ ሳይሆን ናሙና ነው የሚያስፈልገው።

በሌላ በኩል ያለ ምክንያት መሸበርም አለ። ጥቁር ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ብዙ ቡናማ ነጠብጣቦች ቢኖሩት የተለመደ ነው፤ ብዙ ከሆኑ፣ በሁለቱም እግር ካሉ፣ ለዓመታት ካልተለወጡ አያሳስቡም። የሚያሳስበው ከሌሎቹ የማይመስለው አንዱ ነው። ከ7 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ እዚህ ጥቁር እዚያ ግራጫ የሆነ። ደርማቶስኮፕ (ቆዳን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሐኪም ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እንደ ጣት አሻራ ያሉ ጉብታዎችና ቦዮች አሉ። ቀለሙ በቦዮቹ ውስጥ የሄደ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነጥብ ነው፤ በጉብታዎቹ ላይ የሄደ ከሆነ ሜላኖማ አይደለም እስኪባል ድረስ ይጠረጠራል። ላብ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ያሉት በጉብታው ላይ ስለሆነ የቱ የቱ እንደሆነ በነሱ ይለያል።

ጥፍር የራሱ ታሪክ አለው። ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ የሚሄድ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር በጥቁር ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ አብዛኛው ሰው አንድ ሁለት ጥፍሩ ላይ ያወጣዋል። ብዙ ጥፍሮች ላይ ካለ ማስተዋል ብቻ ይበቃል። ከ50 ዓመት ወዲያ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ በእጅ ወይም በእግር አውራ ጣት ላይ አዲስ መስመር ከወጣ፣ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ፣ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፍ ከጠበበ (ይህ ማለት በፍጥነት እየሰፋ ነው)፣ ጥፍሩን ከሰነጠቀ፣ ወይም ቀለሙ ከጥፍሩ ወጥቶ ወደ ዙሪያው ቆዳ ከፈሰሰ ቀጠሮ ሳያራዝሙ መሄድ ነው። የመጨረሻው ሀቺንሰን ምልክት ይባላል።

ደም የቋጠረ ጥፍርን ከዚህ ለመለየት ዘዴ አለ። ጥቁሩ ነገር በስተ ሥር በኩል የሚያበቃበት ላይ ጥፍሩን በፋይል ትንሽ ጫር አድርጉ፤ ፎቶ አንሱ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር፣ የእግር ጥፍር 1 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ደም ከሆነ ጭረቱና ጥቁሩ አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ በስተ ኋላቸው ንጹሕ ጥፍር ይወጣል። ጭረቱ ሄዶ ጥቁሩ ከሥር እንደገና ከተተካ ደም አይደለም። በእግር ጥፍር ላይ ይህን ለማየት ሁለት ሦስት ወር ይበቃል፤ ዓመት አይጠበቅም። እንሶስላ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጥፍር ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት የጥፍር ቀለሙ ይልቀቅ፤ እንሶስላና ሂና ግን ስለማይለቁ ከጥፍሩ ጋር አድገው እስኪወጡ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከሥር በኩል የሚወጣው አዲሱ ጥፍር ይታያል።

ናሙናው እንዴት ይወሰድ

ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ትንሽ ነጥብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ፣ ከዙሪያው 1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ቆዳ ይዞ፣ እስከ ሥቡ ድረስ ይወጣል። ከዚያ አስፍቶ መቁረጥ በመጀመሪያው ቀን አይደረግም፤ ጥልቀቱ ሳይታወቅ የሚሰፋው ልክ አይታወቅም፣ የሊምፍ መንገዱም ይበላሻል። ክንድና እግር ላይ ቁርጡ በእጁ ወይም በእግሩ ርዝመት ይሁን፤ ወደ ጎን የተቆረጠ በኋላ ሰፋ ብሎ ሲቆረጥ ለመዝጋት ያስቸግራል።

ውስጥ እግር ላይ ሰፊ ጥቁር ነገር ካለ ሁሉንም ማውጣት አይቻል ይሆናል። ያኔ ከጠቆረውና ከተነሳው ቦታ፣ 4 ሚሊሜትር በሆነ ክብ መቁረጫ፣ ከአንድ በላይ ናሙና ይወሰዳል። ከጠርዙ ብቻ የተወሰደ «ነቀርሳ የለም» ቢል አይታመን። በምላጭ ላይ ላዩን መላጥ በደነደነ ቆዳ ላይ ከንቱ ነው፤ የሞተ ሽፋን ብቻ ይመጣል፣ ጥልቀቱም ለዘላለም አይታወቅም። በጥፍር ላይ ናሙናው የሚወሰደው ከጥፍሩ ጫፍ ሳይሆን ቀለሙ ከሚሠራበት፣ ከቆዳው እጥፋት ሥር ካለው የጥፍር ማኅፀን ነው፤ ለዚህ ጥፍሩን ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

የወጣው ሥጋ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ በይዘቱ አሥር እጥፍ በሆነ መጠን ይቀመጥ። አልኮል ወይም የጨው ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ይበላሻል። አንድ ጠርዙ ላይ ክር ታስሮ «ወደ ተረከዝ በኩል» ወይም «ወደ ላይ» ተብሎ በወረቀቱ ይጻፍ። በማዘዣው ላይ ደግሞ «የቆዳ ቁስል፣ እግር» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፦ የቱ እግር፣ ተረከዝ ወይስ ጣት፣ ከስንት ወር ጀምሮ፣ ተተኩሷል ወይ፣ ጥርጣሬው ሜላኖማ ነው ወይ ይገለጽ። ኪንታሮት ነው ብለው ቆርጠው የጣሉት ነገር መልሶ አይመጣም፤ ማንኛውም ከእግር የተቆረጠ ነገር ወደ ፓቶሎጂ ይሂድ። አዲስ አበባ ያለ ሰው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሊታይ ይችላል፤ የካንሰር ሕክምናው ደግሞ ጥቁር አንበሳ አለ።

ውጤቱ ሲመጣ የምትፈልጉት አምስት ነገር ነው፦ ዓይነቱ፣ የብሬስሎ ጥልቀት በሚሊሜትር፣ ቁስለት አለ ወይስ የለም፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው ወይ፣ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር የሚቆጠረው የህዋስ መከፋፈል። «ሜላኖማ» ብቻ የሚል ወረቀት ላይ ሕክምና ለመወሰን አይቻልም፤ ፓቶሎጂስቱ ጨምሮ እንዲጽፍ ይጠየቅ።

ቀጣዩ ቁርጥ በጥልቀቱ ይወሰናል፦ ላይ ላዩን ለቀረ 0.5 እስከ 1 ሴንቲሜትር፣ እስከ 1 ሚሊሜትር ለሆነ 1 ሴንቲሜትር፣ ከ1 እስከ 2 ለሆነ 1 ወይም 2፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2 ሴንቲሜትር ጤነኛ ቆዳ። ጀርባ ላይ 2 ሴንቲሜትር ምንም አይደለም። ጣት ላይ 2 ሴንቲሜትር ማለት ጣቱ ነው። ጥፍር ሥር ያለው ገና ላይ ላዩን ከሆነ ጥፍሩን ከነሥሩ እስከ አጥንቱ አንስቶ ቆዳ በመለጠፍ ጣቱን ማትረፍ ይቻላል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ እስከ መገጣጠሚያው ይቆረጣል። ከዚያ ከፍ አድርጎ መቁረጥ፣ ለምሳሌ እግሩን ከቁርጭምጭሚት፣ ዕድሜ እንደሚያስረዝም አልታየም።

ንፍፊቱን ማን ይንካው

የሜላኖማ የመጀመሪያ ማረፊያ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለ የሊምፍ ዕጢ ነው። የቱ ዕጢ እንደሆነ ቦታው ይናገራል። ከውስጥ እግር ወደ ብሽሽት፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ከጉልበት ጀርባ። ከመዳፍ ወደ ብብት፣ አንዳንዴ ከክርን በላይ በውስጥ በኩል። ጀርባና ሆድ ግን አይገመቱም፦ በእምብርት ዙሪያ ያለ ሜላኖማ ወደ ሁለቱም ብሽሽትና ወደ ሁለቱም ብብት ሊሄድ ይችላል። ራስና አንገት ከሁሉ የተወሳሰበ ነው፤ ጆሮ ፊት ያለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ፣ ማጅራት ላይ፣ አንገት ጎን፣ በአንድ ጊዜ በሁለት ሦስት ቦታ።

ጥልቀቱ 0.8 ሚሊሜትር ከደረሰ ወይም ከቆሰለ፣ መሣሪያው ባለበት አገር ሬድዮአክቲቭ ቴክኒሺየምና ሰማያዊ ቀለም ነጥቡ ዙሪያ ተወግቶ መጀመሪያ የሚደርስበት ዕጢ፣ ሴንቲኔል የሚባለው፣ ብቻውን ወጥቶ ይመረመራል። ይህ ከሰፊው ቁርጥ ጋር ወይም ቀድሞ ይደረጋል፣ በኋላ አይደረግም። ራስና አንገት ላይ «የለም» ብሎ የመሳሳት ዕድሉ ከሌላ ቦታ ከፍ ይላል። አሜሪካ ወይም እስራኤል የሚታከም ሰው ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። መሣሪያው በሌለበት ግን እጅና አልትራሳውንድ አሉ።

በእጅ ሲዳሰስ ደግሞ አንድ ችግር አለ። በባዶ እግር የሚሄድ፣ እግሩ የሚቆስል ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ «የብሽሽት ዕጢ አበጠ» ማለት ደረጃ 3 (ነቀርሳው ዕጢው ደርሷል) ማለት አይደለም፣ ደግሞም «የቁስሉ ነው» ብሎ መተውም አይቻልም። ጠንካራ፣ የማያም፣ ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል በላይ የሆነ ዕጢ በቀጭን መርፌ ተስቦ ይታይ፤ ርካሽና ፈጣን ምርመራ ነው። በእግር ላይ ሌላም የሚታይ አለ፦ ከቁስሉና ከብሽሽቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ፣ በባትና በጭን ላይ የሚበቅሉ ትንንሽ ጥቁር ወይም ቆዳ መሳይ እብጠቶች። በመንገድ ላይ የቀሩ የነቀርሳ ዘሮች ናቸው፤ ደረጃውን ወዲያው ወደ 3 ያነሱታል።

መድኃኒቱም ቦታ ያውቃል

ጀርባና ደረት ላይ፣ በተለይ በወጣቶች፣ ብራፍ የሚባለው ጂን ለውጥ ይበዛል፤ ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ በጋራ ይሠሩበታል። በአክራል ሜላኖማ ግን ይህ ለውጥ ጥቂት ነው። በምትኩ ኪት የሚባለው ጂን በአንዳንዶቹ ይለወጣል፤ በአገራችን ለደም ካንሰር የሚታወቀው ኢማቲኒብ ለነዚህ ሊረዳ ይችላል። እንደ ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ ያሉት የበሽታ መከላከያን የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች ፀሐይ ባመጣው፣ በጂን ስህተት በተሞላ ሜላኖማ ላይ በደንብ ይሠራሉ፤ የእግሩ ስህተቱ ጥቂት ስለሆነ መከላከያችን እንደ ባዕድ አያየውም፣ ምላሹም ይቀንሳል። ዋጋቸውም ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ ነው።

የዓይንና የስስ ሽፋን ሜላኖማ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። የዓይን ውስጥ ሜላኖማ በሊምፍ ሳይሆን በደም ይሄዳል፤ ማረፊያው ጉበት ነው፣ ዓይኑ ከዳነ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ። የአፍና የአፍንጫው ከመጥፎነቱ የተነሳ በራሱ የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ቲ1 እና ቲ2 የሉም፤ ከቲ3 ይጀምራል። አፍንጫው በአንድ በኩል ብቻ ያለማቋረጥ የሚደማ ትልቅ ሰው ለዚህ መታየት አለበት።

ለመፈተሽ

በወር አንዴ፣ እግር ታጥቦ ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ይሁን። ቁጭ ብላችሁ ውስጥ እግርን ወደ ላይ አዙሩ፤ መጀመሪያ ተረከዝ፣ ከዚያ የጣቶች ሥር፣ ከዚያ በየጣቶቹ መሃል እያላቀቃችሁ። ከዚያ አሥሩ የእግር ጥፍር፣ አሥሩ የእጅ ጥፍር፣ መዳፍ። ማጎንበስ የማይችል አዛውንት ካለ መስታወት መሬት ላይ ይቀመጥ ወይም ልጁ ይይለት፤ እማማ እግራቸውን ሲያሳጥቡ ማየት ቀላል ነው። የተጠረጠረ ነገር ካለ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ በወሩ ከዚያው ርቀት ድገሙት። ማነጻጸሪያ ከሌለ ሰፋ አልሰፋ የሚለው ክርክር አያልቅም።

ሜላኖማ ወጥቶለት በክትትል ላይ ላለ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ መታየት ይገባል፤ በየጊዜው ሐኪሙ ጠባሳውን፣ ከጠባሳው እስከ ዕጢው ያለውን መንገድ በሙሉና ዕጢውን ራሱን በእጁ መንካት አለበት። ሱሪ ሳያስወልቅ ጣት ብቻ አይቶ «ደህና ነው» የሚል ሐኪም ግማሹን ብቻ ነው ያየው፤ ብሽሽቴንና ከጉልበቴ ጀርባ ይንኩልኝ ማለት ነውር የለውም።